አልቃሹ ራሱ ሟቹ ሲሆን

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ወሎ፣ መካነ ሰላም ነበርኩ። ክረምቱ ገና አልለቀቀም፤ ጉሙ ከገደሉ እየተነሣ ከተማውን ሲሸፍነውና ሲገልጠው ይውላል። ገበያው ዳር ስልክ የሚጠገንባትና ዘፈን የሚጫንባት አንዲት ጠባብ ቤት አለች። በሯ ላይ የተቀመጠው ድምፅ ማጉያ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ዘፈን ብቻ ይዟል። ሲያልቅ ይጀምራል፤ ደግሞ ሲያልቅ ደግሞ ይጀምራል። «ተማር ልጄ» ነው። በሌላ ቀን እዚያ በር ላይ የሚሰማው የሰሞኑ ጭፈራ ነበር።

ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ አንድ ባላገር አህያውን እየነዳ ሲያልፍ ቆም አለ።

«ምነው ልጄ፣ ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ዓለማየሁ እሸቴ ዐርፎ ነው፣ አባባ።»

«የቱ ዓለማየሁ?»

«የ‹ተማር ልጄ›ው።»

ሰውዬው ትንሽ ዝም አለ። አህያው ጭቃውን እያቦካ መንገዱን ቀጥሏል። «እሱማ የኛ ሰው ነው» አለና ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆሞ ሰማ፤ «ነፍስ ይማር» ብሎ አህያውን ተከተለ።

ይህች «የኛ ሰው» የምትል ቃል ከዚያ ወዲህ አልለቀቀችኝም። ዓለማየሁ ጅማ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ነው። ያ ክረምት ደግሞ ጦርነት ሰሜን ወሎን ያመሰበት፣ ተፈናቃይ ወደ ደሴ የሚጎርፍበት ክረምት ነበር። ስንቱ ቤት ለገዛ ሰዉ እያለቀሰ ሳለ፣ መልኩን እንኳ ለማያውቀው የከተማ ዘፋኝ ዝናብ ላይ የሚቆም ሰው አየሁ። ሟቹን በስሙ አላወቀውም፤ በዘፈኑ ግን ዐወቀው። የዘመድ ያህል አዘነለት። አንድ ድምፃዊ ሲሞት የምናዝነው በትክክል ለማን ነው? ኀዘናችንስ ለሟቹ ምን ይጠቅመዋል? ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚህ ጉዳይ የምለው ስላለኝ ነው።

ዓለማየሁን «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» ያሉት በከንቱ አይደለም። ወጣት በነበረበት ጊዜ የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች የአሜሪካ ፊልም ያሳያሉ፤ አሥመራ ቃኘው ጣቢያ የሰፈሩት የአሜሪካ ወታደሮች ራዲዮ ሮክና ሶል ያሰማል። ዓለማየሁ ጸጉሩን አሳድጎ፣ እንደ አሜሪካዊ ለብሶ፣ የኤልቪስ ፕሪስሊን ዘፈኖች በእንግሊዝኛ ይዘፍን ነበር። ተሰጥኦውን አይተው ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ያስገቡት ኮሎኔል ረታ ደመቀ ናቸው። ኋላ፣ ሌላው ዓለም እንደ አዲስ ባገኘው ጊዜ፣ ለውጭ ጋዜጠኞች ራሱ እንደተናገረው፣ ተወዳጅነቱ የገነነው ግን በአማርኛ መዝፈን ከጀመረ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ልቆይ። ብዙ ሰው የዓለማየሁን ታላቅነት የሚያየው በጩኸቱ፣ በአለባበሱ፣ በመድረክ አያያዙ ነው። ጩኸቱ እውነትም የጄምስ ብራውን ወገን ነው፤ ከሆድ ተነሥቶ ጉሮሮ ላይ የሚሰነጠቅ ድምፅ። «ተማር ልጄ» ግን ምንድን ነው? ምክር ነው። አባት ልጁን ፊቱ አስቀምጦ የሚናገረው፣ በአማርኛ ከዘፈንም ከቅኔም ጋር አብሮ የኖረ ነባር የንግግር ዓይነት። ዓለማየሁ ከሩቅ ያመጣውን ልብስ ለዚህ አሮጌ ሰውነት አለበሰው። ስለዚህ ኤልቪስን ሰምቶ የማያውቅ፣ ጄምስ ብራውን ሰው ይሁን ከተማ የማይለይ የወሎ ቦረና ገበሬ ዘፈኑን ሲሰማ እንግዳ አልሆነበትም። ያን ድምፅ ያውቀዋል፤ ማታ ማታ ምድጃ ዳር ሰምቶት ያደገው ድምፅ ነው። ሊማር ሲል ከብት ጥበቃ ያስቀረው፣ ልጁን ግን ይማር ብሎ አቀስታ ወይ ደሴ የላከ ሰው ደግሞ ከዚህም በላይ ይሰማዋል። «የኛ ሰው» ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ዘመድነቱ በዘፈኑ በኩል የመጣ ነው።

የዚህ ሰው የመጀመሪያ ሸክላ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በዚያን ጊዜ ሸክላ የማሳተሙ መብት በአዋጅ የሀገር ፍቅር ቲያትር ብቻ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ሙዚቃ ቤት ከፋች ግን ወጣቶቹን ዘፋኞች የሚቀዳ ማን ነው ብሎ፣ የሚመጣውን ልቀበል ብሎ ተነሣ። የመጀመሪያዋ ሸክላው የዓለማየሁ ናት፤ የታተመችውም ሕንድ አገር ነው። አምሃ ከዚያ ወዲህ እስከ 1975 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክላዎችና ከዐሥር የማያንሱ ትላልቅ ሸክላዎች አወጣ። ሁለቱ የአባታቸው ስም ተመሳሰለ እንጂ ወንድማማቾች አይደሉም።

ሸክላ ግን የከተማ ዕቃ ነበር። ወደ ወሎ ደጋ የደረሰው ድምፅ በራዲዮና በካሴት የመጣ ነው። ደርግ የሰዓት እላፊ ሲያውጅ የአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች ተዘጉ፤ ባንዶቹ ተበተኑ፤ ሸክላ ማሳተም ቀረ። በቦታው ካሴት መጣ። ሙዚቀኛው ያጣውን መድረክ አድማጩ በቤቱ አገኘው ማለት ይቻላል። ያ ኀዘን የሚገባው ዘመን ነው፤ ሆኖም እኛ ደገኞቹ እነዓለማየሁን ያገኘነው በዚያ ዘመን መሆኑን ሳልናገር ባልፍ እውነቱን አጎድላለሁ።

አጎቴ መምህር ነበር። ደሴ በወረደ ቁጥር ባዶ ካሴት ገዝቶ ያስቀዳል። ወደ መካነ ሰላም የሚመለሰው በጉጉፍቱና በአቀስታ ብርድ፣ በጭነት መኪና ላይ፣ ካሴቶቹን በሹራብ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዞ ነው። ቴፑ የሚሠራው በድንጋይ ነው፤ የዛሬ ልጆች ባትሪ የሚሉት። ስድስት ድንጋይ ይጎርሳል። ድንጋይ ውድ ስለነበረ ሲደክም አይጣልም፤ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ትንሽ ነፍስ ሲዘራ ይመለሳል። ክሩ ሲወጣ በእስክሪብቶ ይጠመጠማል። ሲበጠስ በጥፍር ቀለም ይጣበቃል። እኛ ልጆች ይህን ሁሉ የምናውቀው ዳዊት ከመድገም እኩል ነበር።

የደከመ ድንጋይ ዘፈኑን ይጎትተዋል። ድምፁ ይወፍራል፤ ከበሮው ይዘገያል፤ ዘፋኙ ኀዘን ላይ ያለ ሽማግሌ ይመስላል። ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ወዳጄ ቤት «ተማር ልጄ»ን በጥሩ ማጫወቻ ስሰማ ደነገጥኩ። ፈጠነብኝ። ዓለማየሁ ወጣት ነበር! ስልቱ የሚያዘልል፣ ነፋሾቹ የሚያስፈነጥዙ ነበሩ። እኔ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ በልቤ የያዝኩት ድንጋይ የደከመበትን ዓለማየሁ ነው። ከዚያ ወዲህ በእኔ ዕድሜ ያሉ የአገሬን ሰዎች ስጠይቅ ብዙዎቹ ይህንኑ ነገሩኝ። መካነ ሰላም፣ ወግዲ፣ ከላላ ያደገ ሰው የሚያውቀው ዓለማየሁ የራሱ ዓለማየሁ ነው፤ ዘገም ያለ፣ የሚያዝን። ይህ ስሕተት ነው ብዬ አላልፈውም። አንድ አገር አንድን ዘፋኝ እንዴት እንደሰማው የሚናገር የታሪክ ማስረጃ ነው፤ በየትኛውም ሸክላ ላይ ግን አይገኝም። ያለው ሰዎች ጆሮ ውስጥ ነው፤ ሰዎቹም እያረጁ ነው።

ሌላም ነገር መናገር አለብኝ። አጎቴ ካስቀዳቸው ካሴቶች ለዓለማየሁ አንዲት ሳንቲም አልደረሰውም። ለአምሃም፣ ለተጫዋቾቹም አልደረሳቸውም። በመላው አገሪቱ እንዲህ ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲወጣ እነዚያ ዘፈኖች ሠላሳ ዓመት አልፏቸው ነበር። እኛ በፍቅር ሰማነው፤ ፍቅራችን ግን ቤቱ እንጀራ አላገባለትም። ዛሬ «እንወደው ነበር» የምንል ሰዎች ይህ ዕዳ እንዳለብን ዐውቀን ብንናገር ይሻላል።

ወደ ኀዘኑ ልመለስ። በወሎ ደጋ ሰው ሲሞት የሚሰበሰበው ቅሬ ነው፤ ሌላው አገር እድር የሚለው። ቅሬው መቃብር ያስቆፍራል፣ እንግዳ ያስተናግዳል፣ ኀዘንተኛውን ያስተዛዝናል። ክርስቲያኑ በአርባው ተዝካር ያወጣል፤ ሙስሊሙ ሰደቃ ያወጣል፤ ጎረቤት በሁለቱም ይገኛል። ከሁሉ በፊት ግን ልቅሶው አለ፣ በልቅሶውም ላይ ሙሾ። ሙሾ የምታወርድ ሴት ዝም ብላ አትጮኽም። ሟቹን ባታውቀው ትጠይቃለች፦ የማን ልጅ ነው? ከማን ጋር ዋለ? ማን አሳደገው? ማንን አሳደገ? በጥንቱ ልቅሶ የሟቹ ፈረስ፣ ጠመንጃው፣ ልብሱ ዐደባባይ ይወጣ ነበር። ግጥሙ የተገነባው በእነዚህ ላይ ነው። ጓደኛው በስሙ ይጠራል፤ ተጠርቶም ያለቅሳል። ጎበዝ አልቃሽ ሟቹን ብቻውን አታስቀብረውም፤ በዙሪያው የነበረውን ሰው ሁሉ አቁማ ነው የምትሸኘው።

ድምፃዊ ሲሞት የምናደርገው ከዚህ የተለየ ነው። ራዲዮው የሟቹን ዘፈን ይከፍታል። ቀኑን ሙሉ እሱ ራሱ ይዘፍናል። በመካከል ጋዜጠኛው የተወለደበትንና የሞተበትን ቀን ያነባል፤ ደግሞ ዘፈን ይከፈታል። በሌላው ሰው ልቅሶ ሕያዋን ስለ ሟች ይናገራሉ፤ በዘፋኝ ልቅሶ ግን ሟቹ ለራሱ ያለቅሳል። አልቃሹ እሱ ነው። ይህ ከማንም ሰው ሞት ይልቅ የዘፋኝን ሞት ከባድም ውብም ያደርገዋል፤ የሞተው ሰው ድምፅ ሕያው ሆኖ ቤትህ ገብቶ ያስለቅስሃል። ችግሩ እኛ ሥራውን ለእሱ ትተን ዝም ማለታችን ነው።

ጥላሁን ገሠሠ ያረፈበት ቀን ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ፋሲካ ነበር። የሃምሳ አምስት ቀን ጾም ተፈትቶ በየቤቱ ዶሮ ተሠርቶ፣ የደስታው ቀን ላይ ልቅሶ ወረደ። ብሔራዊ የቀብር ሥነ ሥርዓት ተደረገለት፤ በዐሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጣ፤ ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ማዲንጎ አፈወርቅ መስከረም 17 ቀን 2015 ዓ.ም. የመስቀል ዕለት ሲሞት ኀዘኑ በየስልኩ ነበር፤ ወጣቱ የራሱን ፎቶ አንሥቶ የማዲንጎን ፎቶ አደረገ። በ2016 ሚያዝያ መግቢያ ላይ አሜሪካ ያረፈው ሙሉቀን መለሰ ግን እስካሁን የሚያስጨንቀኝን ጥያቄ ይዞ መጣ። ሙሉቀን በወጣትነቱ ከዘፈናቸው ዘፈኖች ተለይቶ ወደ መንፈሳዊ ሕይወት ከገባ ወደ አርባ ዓመት ሆኖት ነበር። ራዲዮዎቹ የከፈቱት ግን እሱ የተወውን ዘፈን ነው። አፍቃሪዎቹን አልወቅሳቸውም፤ እኔም ከፍቼ ሰምቻለሁ። ሆኖም ሰውዬው ራሱ አልፈልገውም ብሎ ያስቀመጠውን ድምፅ በሬሳው ላይ ማስጮኽ ልቅሶ ነው? የምትጠይቅ አንዲት ሙሾ አውራጅ እንኳ ብትኖር፣ ያን አርባ ዓመት ሳትጠቅስ አታልፍም ነበር።

ሌላው ዓለም በዚህ ከእኛ ብዙ አይሻልም፤ አንድ ነገር ግን አላቸው። ኤልቪስ የሞተው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 16 ቀን 1977 ነው፤ በእኛ ነሐሴ 10 ቀን 1969። በየዓመቱ በዋዜማው ማታ ሜምፊስ በሚገኘው ግሬስላንድ በተባለው ቤቱ አፍቃሪዎቹ ሻማ ይዘው ይሰለፋሉ፤ በመቃብሩ አጠገብ ያልፋሉ። ይህ ከሙት ዓመት በምን ይለያል? ቀኑ የታወቀ ነው፣ ቦታው የታወቀ ነው፣ አባት ልጁን ይዞ ይሄዳል። የኢትዮጵያው ኤልቪስም የሞተው በነሐሴ ነው፤ ነሐሴ 27። ሙት ዓመቱን ከቤተሰቡ ውጭ ማን ያስበዋል? ተዝካርን የፈጠረ ሕዝብ ይህን ከማንም ሊማር አይገባም ነበር።

እስቲ ለዓለማየሁ ሙሾ የምታወርድ ሴት ጠይቃ ብትመጣ ማንን ትጠራ ነበር? ግርማ በየነን ትጠራለች። ፒያኖ ተጫዋቹ፣ ድርሰት አቀናባሪው፣ ከዓለማየሁ ጋር ሆኖ ዓለም-ግርማ ባንድን ያቋቋመው ሰው። ግርማ እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ከሙዚቃም ለብዙ ዓመታት ራቀ፤ በ2017 (እ.ኤ.አ.) አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር ተመልሶ አልበም አወጣ። እኛ «የዓለማየሁ ዘፈን» ብለን ከምንወዳቸው ስንቶቹ ላይ የእሱ እጅ እንዳለ የሚነግር ራዲዮ ሰምቼ አላውቅም። አምሃ እሸቴን ትጠራለች። አምሃ ያረፈው በዚያው በ2013 ሚያዝያ ላይ ነው፤ ከዓለማየሁ አራት ወር ቀድሞ። ሸክላውን ያሳተመው ሰው ሞት ግን መካነ ሰላም አልደረሰም፤ ደሴም መድረሱን እንጃ። ኮሎኔል ረታን ትጠራለች። የፖሊስ ኦርኬስትራ ነፋሾችን ትጠራለች፤ በፖሊስ ደመወዝ ሮክ የተጫወቱትን። ይህን ሁሉ ስም ስትጠራ ዓለማየሁ አያንስም፤ በአጀብ ይቆማል።

ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከበሽሎ ወዲህ፣ መቅደላ አለ። በዚህ አገር «ዓለማየሁ» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው ዘፋኙ አይደለም፤ ያ ባላገር «የቱ ዓለማየሁ?» ያለውም ስለዚህ ይመስለኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሱን ከሠዋ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ልጁን ዓለማየሁን ይዞት ሄደ፤ ልጁ በ18 ዓመቱ እንግሊዝ ሞቶ ዊንድዘር ተቀበረ። ከመቅደላ የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሸጠ። ከብራና መጻሕፍቱ ወደ 350 የሚሆኑት ዛሬ ለንደን ናቸው። የመቅደላ አገር ሰው የራሱን ነገር ለማየት ባሕር መሻገር ማለት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል።

የሙዚቃው ነገር ከዚህ ጋር አንድ ነው አልልም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ርእስ ያሳተማቸው ሲዲዎች በስምምነት የወጡ ናቸው፤ ዘረፋ አይደሉም። ዘጠነኛውና ሃያ ሁለተኛው የዓለማየሁ ናቸው። እሱ ባይደርስላቸው ምናልባት ብዙዎቹ ዘፈኖች ዛሬ በጥሩ ድምፅ ላይሰሙ ይችሉ ነበር፤ ምስጋና ይገባዋል። በዚያ ሥራ ምክንያት ዓለማየሁ በስተርጅና አውሮፓና አሜሪካ ዞሮ ዘፍኗል፤ ኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር ድረስ። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ፓሪስ ያለ ሰው የአንዲትን ሸክላ ቁጥር፣ የታተመችበትን ዓመት፣ ኦርጋን የተጫወተውን ሰው ስም ያውቃል። እኛ ጋ ያለው ደግሞ ፓሪስ የሌለ ነገር ነው፦ ዘፈኑ እንዴት እንደተሰማ፣ ማን ይዞት እንደመጣ፣ በየትኛው ሠርግ ላይ እንደተዘፈነ፣ ማን ሰምቶት ትምህርት ቤት እንደገባ። የእነሱ ተጽፏል፤ የእኛ አልተጻፈም።

በዚህ አገር ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አለ። ስሙም መቅደላ አምባ ነው፤ አንዱ ግቢው ቱሉ አውሊያ፣ ሌላው እዚሁ መካነ ሰላም። ከአምባው የወጣውን ብራና ለማስመለስ ጊዜና የመንግሥታት ንግግር ይጠይቃል፤ በየቤቱ አልጋ ሥር ያለውን ካሴት ለመሰብሰብ ግን የሚያስፈልገው ተማሪና ደብተር፣ አንድ የሚሠራ ቴፕ፣ አንድ ኮምፒዩተር ነው። የካሴት ክር እርጥበት ይበላዋል፤ የደጋው ክረምት ደግሞ አይምርም፤ የሻገተ ክር ቴፕ ውስጥ ሲገባ ድምፁን ልጦ ይወጣል። ተማሪው ከካሴቱ ጋር ባለቤቱንም ይቅዳ። አልቃሿ የምትጠይቀውን ይጠይቅ፤ ከማን ጋር ሰማኸው? ማን አመጣው? ያኔ ስንት ዓመትህ ነበር? ያ አህያ ነጂ ምን ትዝ ብሎት እንደቆመ አልጠየቅኩትም። ስሙንም አልጠየቅኩት። ጋዜጠኛ ነኝ እያልኩ ይህን አለማድረጌ ከዚያ ቀን ወዲህ ሲቆጨኝ ይኖራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአጎቴን ካሴቶች ይዤ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር፣ ያስቀምጡልኝ ብዬ። የተቀበለኝ ሰው ሣጥኑን ገለጥ አድርጎ አየና ቅጂ መሆናቸውን፣ ዋናዎቹ ዘፈኖች በሌላ ቦታ እንዳሉ ነግሮኝ መለሰኝ። ሣጥኑን ተሸክሜ ስወጣ ልነግረው የሚገባኝን ያኔ አላሰብኩትም። ቅጂ ናቸው፤ እውነቱን ነው። ግን እያንዳንዳቸው የሰው ቤት ውስጥ ስለኖሩ ሌላ ቦታ አይገኙም።

እንዲህ የምለው በአንደኛው ካሴት ምክንያት ነው። ወረቀቱ ላይ በአጎቴ ሰማያዊ እጅ ጽሑፍ «ዓለማየሁና ሌሎች» ይላል። በሁለተኛው ገጽ ላይ «ተማር ልጄ» ይጀምራል። መካከል ላይ ሲደርስ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማና ዘፈኑ ይቋረጣል፤ ከእኛ ከልጆቹ አንዳችን ሳያውቅ የመቅጃውን ቁልፍ ተጭኖ ይሆናል። ዶሮ ሲንጫጫ ይሰማል። ብረት ምጣድ ሲቀመጥ ይሰማል። ከዚያ ፎቶ እንኳ ሳይነሣላት የሞተችው አያቴ ድምፅ ይመጣል፣ ከጓዳ፣ ከሩቅ፦

«አንተ ልጅ፣ ድንጋዩን አትጨርሰው፤ ለዜና ይቆይ።»

ደግሞ ጠቅ ይላል። ዓለማየሁ ዘፈኑን ይቀጥላል።